የአንድ ባሕር ሁለት ጀልባዎች

በዋሄን ገበያ አጠገብ ቡና በምንጠጣበት ቤት አንድ ወጣት ከጅቡቲ ጉዞው ያመጣውን ፎቶግራፍ አሳየን። ነጫጭ ነጠብጣብ የሞላበት ግዙፍ ፍጡር አፉን ከፍቶ ከውሃው ወለል በታች ያልፋል፤ በጎኑ ደግሞ የውሃ መነጽር ያጠለቀ፣ የመተንፈሻ ቱቦ የነከሰ ሰው ይዋኛል። ሁላችንም ተደነቅን። ቡናውን የሚያፈሉት እናት ግን ፎቶግራፉን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱና፣ «ልጄ፣ ይኼ ልጆቻችን የሚሰጥሙበት ባሕር አይደለም እንዴ?» አሉ። ወጣቱ መልስ አልነበረውም። እኔም አልነበረኝም።

ወገን በሚያልቅበት ባሕር ለደስታ መዋኘት ነውር ነውን?

አስቀድመን ነገሩን እንወቀው። ብዙዎች ዓሣ ነባሪ ነው ይሉታል፤ ዌል ሻርክ ግን ሳንባ የሌለው፣ ከዓሣ ወገን ሁሉ ግዙፉ ነው። ርዝመቱ ከ12 ሜትር ሊበልጥ ይችላል። ይህን የሚያህል ገላ ይዞ የሚመገበው በአመዛኙ ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታትን ነው፤ ሰውን አይተናኮልም። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት በተለይ ለጋዎቹ ወደ ታጁራ ሰላጤ፣ አርታ ወደተባለው የባሕር ዳርቻ ይመጣሉ። ጎብኚዎችም በጀልባ ሄደው አብረዋቸው ይዋኛሉ።

በዚያው ሰላጤ ሰሜናዊ ዳርቻ ኦቦክ ትገኛለች። የአፋርን በረሃ በእግራቸው ያቋረጡ ኢትዮጵያውያን ወደ የመን የሚሻገሩት ከዚያ አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2019 ከኦቦክ በስተሰሜን ጎዶሪያ አጠገብ ሁለት ጀልባዎች ሰጥመው ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 ደግሞ ከየመን የሚመለሱ ሰዎችን የጫኑ ሁለት ጀልባዎች በዚያው የባሕር ጠረፍ በአንድ ወር ውስጥ ተገልብጠው ከ50 የማያንሱ ሰዎች አለቁ። አንዱ ጀልባ ለደስታ፣ ሌላው ለእንጀራ፤ ባሕሩ ግን አንድ ነው።

ባህላችን፣ ለቅሶ ካለበት ደጅ አጠገብ ከበሮ አይመታም ይላል። ጎረቤት ሲሞት ሠርግ ይተላለፋል። በዚህ ሚዛን የወጣቱ ደስታ ነውር ይመስላል። ይሁንና ሠርጉ ይተላለፋል እንጂ አይቀርም። ለቅሶ የሌለበትን ባሕር ለመዋኛ፣ መቃብር የሌለበትን ምድር ለሣቅ የሚፈልግ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲፈልግ ይኖራል። ደግሞም መመልከት በራሱ መልካም ፍሬ ሊያፈራ ይችላል። በፊሊፒንስ ዶንሶል በተባለች ስፍራ፣ ይኸው ዓሣ በሕግ ከተጠበቀበት ከ1998 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ የአገሬው ሰው ጎብኚዎችን እየመራ ከሕያው ዓሣ እንጀራውን ያገኛል።

ቢሆንም መመልከት ሁልጊዜ ንጹሕ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ በታጁራ ሰላጤ ከተመዘገቡት ዌል ሻርኮች 65 በመቶ በሚሆኑት ገላ ላይ በጀልባ ተገጭተው ወይም በሞተር ስለት ተቆርጠው የቀረ ጠባሳ ተገኝቷል። ጀልባ ነጂ ሁሉ ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ የሚቸኩል ሰው ከፊቱ ማን እንዳለ ስለማያይ ነው። ስለዚህም ሞተርን ማቀዝቀዝ፣ ርቀትን መጠበቅ፣ አለመንካት የዚህ ደስታ ሕግጋት ሆነዋል።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። የእያንዳንዱ ዌል ሻርክ ነጠብጣብ እንደ ሰው የጣት አሻራ የየራሱ ነው። ተመራማሪዎች የከዋክብትን አቀማመጥ ለማነጻጸር የተሠራን የስሌት ዘዴ ለዚህ አውለው፣ ከፎቶግራፍ ብቻ አንዱን ዓሣ ከሌላው ይለያሉ፤ ከዓመታት በኋላ ሲመለስም ያውቁታል። በዚያው ጠረፍ ማዕበል የሚተፋቸው ወጣቶች ግን ብዙዎቹ ስም በሌለው መቃብር ያርፋሉ። ጥፋቱ የዓሣው አይደለም፤ የዋናተኛውም አይደለም። ዓሣው የተሰጠው ትኩረት እንዲቀነስበትም አልመኝም። ነገር ግን የሰው ዓይን ከፈለገ አንዱን ከሺህ ለይቶ ማወቅ እንደሚችል ይህ ይመሰክራል። ካላወቀ ደግሞ ስላልፈለገ ነው።

እንግዲህ መልሴ ይህ ነው፦ ነውሩ ደስታው አይደለም። ነውሩ ደስታን ላለማደፍረስ ሲባል ዓይንን ከሌላው ጀልባ መመለስ ነው። ሠርግም ለቅሶም የሚደርስ ጎረቤት በሠርጉ ቤት ሲዘፍን ማንም አያማውም፤ ሁለቱንም ደጅ ያውቃልና።

በማግስቱ ወጣቱ ተመልሶ መጣ። ፎቶግራፉን አላወጣም። ከእናቲቱ አጠገብ በርጩማ ስቦ ተቀመጠና፣ «እማማ፣ ትናንት ማንን አስታውሰው ነበር?» ሲል ጠየቃቸው። እርሳቸውም ጀበናውን አስቀመጡና አንድ ስም ጠሩ። ስሙን ሁላችንም ሰማን።