ልኩ የታወቀ፣ ዕለቱ የተሰወረ

በአሰላ ከተማ ቆሞ በዘመነ ክረምት ደመና የጋረደውን የጭላሎን ራስ የሚመለከት ሰው፣ ስለ ገብሱና ስለ ስንዴው እንጂ ስለ ባሕር ማዕበል ማሰብ አይሆንለትም፤ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ተቀምጬ ማዕበል ምን ያደርገኛል ይላልና። ነገር ግን ከአርሲ ደጋ የሚወርደው ዝናም ሦስት መንገድ አለው፤ የከታር ወንዝ ወደ ዝዋይ ሐይቅ፣ የቀለታ ወንዝ ወደ አዋሽ ይወርዳሉ፣ የምሥራቁና የደቡቡ ምንጭ ደግሞ ለዋቢ ሸበሌ ይገብራል። እንግዲህ ደገኛው ራሱ ባይሰጥምም የቈላው ሰው መከራ በደጁ ያልፋል ማለት ነው።

ታዲያ ገና ያልመጣውን ማዕበል በቍጥር መመርመር የፈጣሪን ምሥጢር በድፍረት መግለጥ ይሆንን?

ሆላንዳውያን ወደዚህ ምርመራ የገቡት በመከራ ተገደው ነው። በ1945 ዓ.ም. ጥር 24 ቀን ሊነጋ ሲል፣ ዐውሎ ነፋስ የሰሜኑን ባሕር ከሙላቱ ሰዓት ጋራ አጋጥሞ በግድቦቻቸው ላይ ባወጣው ጊዜ፣ ከ1,800 የሚበልጡ ነፍሳት ጠፉ። ከዚህ በኋላ ሊቃውንቶቻቸው የባሕሩን ከፍታ የቈየ መዝገብ ዘርግተው፣ ታላላቆቹን ሙላቶች ከተራዎቹ ለይተው፣ እነዚያ በምን ሥርዐት እየበረከቱ ወይም እየሳሱ እንደሚሄዱ በመመርመር ዐይን ያላየውን ከፍታ ለመገመት ደፈሩ፤ ለአገራቸው እንብርትም በ10,000 ዓመት አንድ ጊዜ ይደርሳል ተብሎ ለሚገመት ውሃ የሚበቃ ግድብ እንዲሠራ ተወሰነ። የ10,000 ዓመት መዝገብ የያዘ ሰው በምድር ላይ እንደሌለ እነርሱም አላጡትም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «የመቶ ዓመት ጎርፍ» ሲባል አንድ ጊዜ ከመጣ እስከ ልጅ ልጅ የማይመለስ ይመስለዋል፤ ትርጓሜው ግን በያንዳንዱ ዓመት ከመቶ አንድ እጅ ያስፈራል ማለት ነው፤ በወንዝ ዳር ቤት ሠርቶ 30 ዓመት የሚኖር አባወራ ይህን ውሃ የማየት ዕድሉ ከመቶ 26 ያህል ነው። በየትኛው ዓመት፣ በየትኛው ሌሊት ለሚለው ስሌቱ መልስ የለውም።

ይህ ነገር ለአርሲ ሰው፣ ክርስቲያንም ይሁን እስላም፣ እንግዳ ሊሆንበት አይገባም፤ ኖኅን ሁለቱም ያውቁታልና። በኦሪት ዘፍጥረት እንደ ተጻፈው የመርከቢቱ ልክ፣ 300 ክንድ በ50 በ30፣ አስቀድሞ ተነገረው፤ ዝናሙ የሚጀምርበት ቀን ግን የተገለጠለት ሰባት ቀን ብቻ ሲቀር ነበር። የዛሬዎቹ ሊቃውንትም ሥራቸው በሁለት ይከፈላል፤ የግድቡን ልክ ከሩቅ ዘመን ያሰላሉ፣ የዐውሎውን መምጣት ግን የሚናገሩት ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ስለዚህ እንደ እኔ ፍርድ መቍጠሩ ድፍረት አይደለም፤ በእጅጉ የሚያሳስበኝ ይልቁንስ ቈጥሮ ዝም የሚለው ሰው ነው።

አበው ክረምትን ሲከፍሉ ከሐምሌ 19 እስከ ነሐሴ 9 ያለውን ወቅት መብረቅ፣ ነጐድጓድ፣ ባሕር፣ አፍላግ፣ ጠል ብለው ሰየሙት። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ 30 ሌሊት፣ በሐረርጌ ደጋ የዘነመው ዝናም ደረቁን የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ በእንቅልፍ ላይ የነበረችውን ድሬዳዋን መታ፤ ከ250 በላይ ሰው ሞተ። ሳምንት ያህል ቈይቶ የኦሞ ወንዝ የዳሰነች ሕዝብን ምድር አጥለቀለቀ። ሁለቱም የደረሱት አበው አፍላግ፣ ማለት ወንዞች፣ ባሉት ወቅት ነው። ወቅቱ ታውቆ ሌሊቱ ስላልታወቀ፣ በዚያ መካከል ሊሰማ የሚገባው ዝናሙን አስቀድሞ የሚያየው የደገኛው ድምፅ ነበር።

ጭላሎን ደመና በሸፈነው ቍጥር ይህን አስባለሁ። ዋቢ ሸበሌ የአርሲንና የባሌን ውሃ ተሸክሞ ኦጋዴንን አቋርጦ ወደ ሶማሊያ ይሻገራል፤ ለሕንድ ውቅያኖስ ጥቂት ሲቀረው ታጥፎ ከባሕሩ ዳር ጋራ ጎን ለጎን ይወርዳል፤ በአብዛኛው ዓመትም ባሕር ሳያይ በረግረግና በአሸዋ ውስጥ ይቀራል። ከዚያ በፊት ግን በዳርቻው ጎዴና በለደወይን የተባሉ ከተሞች አሉ።