ስለ ጸጥታ ሲባል የሁሉን ሰው መዝገብ መያዝ ይገባልን?

መንግሥት ሕዝቡን ከጠላት ይጠብቅ ዘንድ ሥልጣን የተሰጠው መሆኑን የሚክድ አስተዋይ ሰው የለም። ዘበኛ ሌሊት ነቅቶ የሚገባውንና የሚወጣውን ቢመለከት ሥራው ነውና የሚነቅፈው አይኖርም። ነገር ግን ያው ዘበኛ ማን ከማን ጋር እንደ ተነጋገረ፥ በስንት ሰዓት ጀምሮ በስንት ሰዓት እንደ ጨረሰ በየቀኑ በመዝገብ ቢጽፍ፥ ምክንያቱንም ሲጠየቅ «ምናልባት አንድ ቀን ያስፈልግ ይሆናል» ቢል፥ ጠባቂነቱ እስከ ምን ድረስ ይደርሳል? ይህ ለምሳሌ ያህል የቀረበ ጥያቄ አይደለም፤ በአሜሪካ አገር በእውነት ተደርጎ ምክር ቤቱን፥ ፍርድ ቤቱን፥ ሕዝቡንም ያከራከረ ነገር ነው። (ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር እንጽፋለን።)

ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ዓ.ም. በዚያች አገር ላይ በተጣለው አደጋ ወደ 3,000 የሚጠጋ ሰው አለቀ። እንዲህ ያለ ሐዘን የደረሰበት መንግሥት ዳግመኛ እንዳይደርስበት ቢጨነቅ አይፈረድበትም። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አዲስ የጸጥታ ሕግ ወጣ። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮም የብሔራዊ ጸጥታ ድርጅት የተባለው የስለላ መሥሪያ ቤት በዚሁ ሕግ 215ኛ ክፍል መሠረት፥ በምሥጢር ከሚያስችል ፍርድ ቤት ትእዛዝ እየተቀበለ፥ የሚሊዮኖችን የስልክ ጥሪ መዝገብ ከኩባንያዎች ሰበሰበ። በዚህ አሠራር ቃላቸውን አልሰማም፤ የደወለውንና የተደወለለትን ቍጥር፥ ሰዓቱንና የንግግሩን ርዝመት ይዞ 5 ዓመት ያስቀምጥ ነበር። ሕዝቡ ይህን ያወቀው በ2013 ዓ.ም. ኤድዋርድ ስኖውደን የተባለ ሰው የምሥጢር ወረቀቶችን ለጋዜጠኞች በሰጠ ጊዜ ነው። ሰውዬውን ከሐዲ የሚለው አለ፥ ባለውለታ የሚለውም አለ፤ እኛ በእርሱ ላይ ለመፍረድ አልተነሣንም።

የመዝገቡ ደጋፊዎች «ንጹሕ ሰው ምን ያስፈራዋል?» ይላሉ። ይህ አነጋገር ሲሰሙት ደስ ያሰኛል፤ ሲመረምሩት ግን ሰው የሚሰውረው ኀጢአቱን ብቻ ነው የሚል ስሕተት ይገኝበታል። ሕመምተኛ ሕመሙን፥ ድኻ ችግሩን፥ ባልና ሚስት ጠባቸውን ይሰውራሉ፤ በዚህም የበደሉት ሰው የለም። አንድ ሰው በእኩለ ሌሊት ወደ ነፍስ አባቱ ሦስት ጊዜ ቢደውል፥ በማግስቱ ወደ ሐኪም፥ ከዚያም ወደ ጠበቃ ቢደውል፥ ቃሉ ባይጻፍም ነገሩ ተጽፏል። የነፍስ አባቱ የሰማውን ይዞ ይቀበራል፤ መዝገቡ ግን ባለቤቱ በተለወጠ ጊዜ ለአዲሱም ባለቤት ይናገራል።

ደግሞም መዝገቡን የሚጠብቀው መልአክ አይደለም፤ ሰው ነው። በ2013 ዓ.ም. የድርጅቱ ዋና ተቈጣጣሪ ለአንድ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል በጻፈው ደብዳቤ፥ ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ሠራተኞች የስለላውን ኀይል ሆን ብለው ያላግባብ የሠሩባቸውን 12 ጉዳዮች ዘርዝሯል፤ የፍቅረኛቸውን ወይም የትዳር ጓደኛቸውን ስልክ የተከታተሉ ይገኙባቸዋል። ቍጥሩ ትንሽ ነው፥ እውነት ነው። የሚከፋው ሹሙ ራሱ ክፉ ሐሳብ ያሰበ እንደ ሆነ ነው። በ1964 ዓ.ም. የፌዴራል የምርመራ ቢሮ ለሰባኪው ለማርቲን ሉተር ኪንግ፥ በድብቅ ከተቀዳ ድምፅ ጋር፥ የላኪው ስም የሌለበት የማስፈራሪያ ደብዳቤ ልኮለታል። በፍራንክ ቸርች የሚመራው የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ኮሚቴ በ1975 ዓ.ም. ይህንና ይህን የመሰለውን ሁሉ መረመረ። ኪንግን ለመከታተል የተሰጠው ምክንያትም የአገር ጸጥታ ነበር።

መዝገቡ ጠቅሟልን? በጃንዩዋሪ 2014 ዓ.ም. ጉዳዩን እንዲመረምር ሥልጣን የተሰጠው ቦርድ፥ የስልኩ መዝገብ የአንድ የሽብር ምርመራ ውጤት እንኳ የለወጠበት ማስረጃ እንዳላገኘ አስታወቀ። ከ2001 ዓ.ም. አደጋ ጣዮች ሁለቱ አስቀድመው በካሊፎርኒያ ተቀምጠው ነበር፤ ሲ.አይ.ኤ. ማንነታቸውን እያወቀ ለምርመራ ቢሮው በጊዜው አላካፈለም። የጐደለው እንግዲህ መዝገብ ሳይሆን መተባበር ነበር።

ነገር ግን በዚህ ረክተን ብንቆም ጥያቄውን ሸሸነው ማለት ነው። መዝገቡ አንድ አደጋ አስቀርቶ ቢሆን ኖሮስ? ልጁን ያጣ አባት «አንዲት ነፍስ ከምትጠፋ የሁላችሁ ስልክ ይጻፍ» ቢል ምን እንመልስለታለን? በቀላሉ የሚመለስ አይደለም። በቀና ፍርድ ጥርጣሬ ይቀድማል፥ ምርመራ ይከተላል፤ እገሌ በዚህ ምክንያት ተጠርጥሯል ተብሎ ለዳኛ ይነገራል፥ ዳኛው ሲፈቅድ ቤቱ ይፈተሻል። በዚህኛው አሠራር ግን መዝገቡ ይቀድምና ጥርጣሬው በኋላ ይፈለግለታል፤ ሰውም ሳይበድል፥ ሳይጠረጠርም፥ ለማይታወቅ ክስ ማስረጃ ተቀምጦበት ይኖራል። ገዥ ሕዝቡን ሁሉ በዚህ ዐይን ማየት ከጀመረ፥ የሚጠብቀው ማንን ከማን እንደ ሆነ መለየት ያስቸግረዋል። ለዚያ አባት ልንለው የምንችለው እውነት ይህ ነው፤ ዳኛን መጠየቅ ጊዜ ይወስዳል፥ መዘግየቱም አንዳንድ ጊዜ ነፍስ ያስጠፋ ይሆናል። ይህን ዋጋ አውቆ የማይቀበል ሰው ስለ ፍትሕ ባይከራከር ይሻላል።

በ2015 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ይህን የጅምላ አሰባሰብ አስቀረ፤ መዝገቡ በየኩባንያው እንዲቈይና መንግሥት በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተለይቶ የታወቀውን ብቻ እንዲጠይቅ ወሰነ። ክርክሩ ግን በዚህ አላለቀም። በ2008 ዓ.ም. በወጣው በሌላው ሕግ፥ 702ኛ ክፍል በሚባለው፥ በውጭ አገር ያሉ የውጭ ዜጎች ለስለላ ሲመረጡ መልእክታቸው ተሰብስቧል፤ ከእነርሱ ጋር የተጻጻፈ አሜሪካዊም ቃሉ አብሮ ገብቷል። በአፕሪል 2024 ዓ.ም. የምርመራ ቢሮው በዚህ ክምችት ውስጥ የአሜሪካዊን ጉዳይ ከመፈለጉ በፊት የዳኛ ፈቃድ ይጠይቅ የሚል ማሻሻያ ለእንደራሴዎች ምክር ቤት ቀረበ። 212 ደገፉት፥ 212 ተቃወሙት፤ ድምፁ እኩል በመሆኑ ወደቀ፥ ሕጉም ለ2 ዓመት ተራዘመ። ከአዲስ አበባ ወይም ከካይሮ የሚጽፈውን የውጭ አገር ሰው ግን ማሻሻያው ቀድሞውንም አይመለከተውም ነበር።