እርጥቡን ከላይ አድርጉት
(የጁሙዓ ኹጥባ፣ ሱሉልታ)

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። እናመሰግነዋለን፣ እርዳታውን እንጠይቃለን፣ ምሕረቱን እንለምናለን። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። የአላህ ባሮች ሆይ፣ ራሴንም እናንተንም አላህን እንድንፈራ አደራ እላለሁ።

ዛሬ ስለ ልብስ ነው የማወራችሁ። ስለ ጃኬት፣ ስለ ድንኳን፣ ስለ ብርድ ልብስ። «ይህ የሚንበር ወሬ ነው ወይ?» የሚል ካለ ሱረቱ ነሕልን ይግለጥና 80ኛውንና 81ኛውን አንቀጽ ያንብብ። አላህ ጸጋዎቹን ሲቆጥርልን ከከብት ቆዳ የሚሠራውን፣ በጉዞም በሰፈራም ቀን የሚቀለንን ድንኳን ያነሳል። ሱፉንና ጸጉሩን፣ ገላን የሚጋርደውንም ልብስ ያነሳል። ጌታችን የድንኳንን መቅለል ሳይቀር ጸጋ ብሎ ቆጥሮልናል። ያንን ጸጋ አበላሽቶ የሚሸጥ ሰው እጁን ምን ላይ እንዳነሳ ያስብ።

ሱሉልታ እንዴት ያለ አገር እንደሆነ ለእናንተ አይነገርም። ከአዲሱ ገበያ ተነስቶ እንጦጦን የተሻገረ ተሳፋሪ ሳይነገረው የታክሲውን መስኮት ይዘጋል። ከ2,700 ሜትር ከፍታ በላይ ነው የምንኖረው። ሯጮቻችን ለዚሁ ስስ አየር ብለው እዚህ ይሰፍራሉ፤ ቀነኒሳ በቀለም መሮጫ ሜዳውን የሠራው እዚሁ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ለፈጅር ሶላት የሚወጣ ሰው ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ያገኘዋል። ቡራዩ ከገፈርሳ ውሃ ላይ የሚነሳውን ጉም ለብሳ ታነጋለች። ሰበታ ዝቅ ብትልም ወጨጫ ከላይዋ ቆሟል። የወጨጫ ጫፍ 3,385 ሜትር ነው፣ ከከተማዋ 1,000 ሜትር ያህል ይበልጣል። ያን ያህል ከፍ ባልን ቁጥር የአየሩ ሙቀት 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ሰበታ ላይ ሸሚዝ የበቃው ልጅ ተራራው ላይ ካፖርት ያምረዋል።

ከሦስት ዓመት በፊት ከመስጊዳችን ወጣቶች ጋር ለአንድ ሌሊት ወደዚያ ወጣን። መናገሻ ሱባን፣ ያን የጥድና የዝግባ ደን አይተን፣ ከፍ ብለን ልናድር ነበር። ለዚሁ ብዬ ጃኬት ገዝቼ ነበር። ሻጩ ሦስት ጊዜ «ወላሂ ውሃ አያስገባም» ብሎኛል። ማታ ዝናብ መጣ። ሩብ ሰዓት አልቆየም፣ ትከሻዬ ላይ ቅዝቃዜው ሲወርድ ተሰማኝ። አውልቄ በባትሪ ብርሃን ገለበጥኩት። ስፌቱን ከውስጥ የሚሸፍነው ስስ ጥብጣብ እንደ ደረቀ ቅጠል ተላጥቶ ተንጠልጥሏል። ጨርቁ ላይ ተቀብቶ የነበረው ልባጥ ረግፎ ሸሚዜ ላይ እንደ ፎረፎር ነጭ ነጭ ሆኖ ተነስንሷል። ከኔ ጋር ከነበሩት ልጆች አንዱ የባሰ ነበር። የለበሰው ስስ ጃኬት በላባ የተሞላ ነው። ላባ ደግሞ ሲረጥብ ይጓጉላል፤ ሙቀት መያዙም ያበቃል። ልጁ ጥርሱ ተፋጨ፣ ቆይቶም ንግግሩ ተሳሰረ። በሌሊት ወርደን ያንኳኳነውን የመጀመሪያ በር አንድ የኦሮሞ አባት ከፈቱልን። ማን እንደሆንን ሳይጠይቁ እሳት አነደዱ። አላህ ጀዛቸውን ይክፈላቸው።

የዚህን ዕቃ ነገር ያስተዋልኩት ያን ሌሊት ነው። የበሰበሰ ቲማቲም ገበያው ላይ ይታያል። ያረጀ የዝናብ ልብስ ግን ሱቅ ውስጥ አይታወቅም፤ ሱቅ ውስጥ ዝናብ የለም። ጉድለቱ የሚገለጠው ተራራ ላይ፣ በጨለማ፣ ሻጩ ቤቱ ገብቶ በተኛበት ሰዓት ነው። ገዢው በዓይኑ አይቶ ሊያውቀው የማይችለውን ነገር ሻጩ ያውቀዋል። እንግዲህ ያ ዕውቀት አማና ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ የእህል ክምር አዩ። እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱ፣ ጣታቸው እርጥበት አገኘ። ባለቤቱን ምን እንደሆነ ጠየቁት። ዝናብ እንዳገኘው ነገራቸው። ታዲያ ሰው እንዲያየው ለምን እርጥቡን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ ከዚያም የሚያታልል ሰው ከርሳቸው ወገን እንዳልሆነ ተናገሩ። ኢማሙ ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ ነው። ልብ በሉ፣ እህሉን ያረጠበው ሰውየው አይደለም። ዝናቡ የአላህ ነው፣ ማርጠቡም ጥፋት አልሆነበትም። ጥፋት የሆነበት ደረቁን ከላይ ማልበሱ ነው። ወንድሜ፣ የምትሸጠው ጃኬት ያረጀ ከሆነ ማርጀቱ ኃጢአት አይሆንብህም። ገልብጠህ አሳየው። «ይህ ለብርድ እንጂ ለዝናብ አይሆንም» በለው። ዋጋውን ዝቅ ታደርግ ይሆናል፣ ሪዝቅህ ግን ዝቅ አይልም።

መሐላውንም ተዉት። መሐላ ዕቃውን ሊያሸጥ ይችላል፣ በረካውን ግን ጠራርጎ እንደሚወስድ ረሱል አስጠንቅቀውናል። በየሱቁ «ኦሪጅናል ነው ወላሂ» ሲባል ስሰማ የአላህ ስም ለአንድ ዚፕ መያዣ ሲሆን ይታየኛል፣ ልቤም ያዝናል።

ኢማሙ አቡ ሐኒፋ (ረሒመሁላህ) ኩፋ ከተማ ውስጥ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ፊቅሃቸውን ብዙዎቻችን እናውቃለን፣ ሱቃቸውን ግን እንረሳለን። የንግድ ሸሪካቸውን ሐፍስን ጨርቅ አስይዘው ሲልኩት፣ ከመካከላቸው እንከን ያለበትን ለይተው ሲሸጥ ለገዢው እንዲናገር አሳሰቡት። ሐፍስ ሸጠ፣ መናገሩን ግን ረሳ፤ ገዢው ማን እንደነበረም አላወቀም። ኢማሙ ይህን ሲሰሙ የዚያን ጨርቅ ሁሉ ዋጋ ሰደቃ አወጡት። የአንዱን አይደለም፣ የሁሉን። እንከኑ በመርሳት የተሸፈነ ነበር፣ ሆን ተብሎ አልነበረም። እኛ አውቀን ስንሸፍን ምን ልንል ነው?

ታዲያ ታማኙን ነጋዴ ከየት እናግኘው? ምልክቱ የሱቁ መስታወት ላይ አይደለም። ሜርካቶ ውስጥ አንድ ነጋዴ አውቃለሁ፣ ሱቁ ሁለት እርምጃ አትሞላም። የዝናብ ጃኬት ስጠይቀው አንዱን አውርዶ ገለበጠና ስፌቱን በጥፍሩ እየነካ አሳየኝ። ጨርቁን በሁለት እጁ አጎድጉዶ ያዘና ሃይላንዱን ከፍቶ ውሃ ጨመረበት። «ሸኸና፣ ከስር ይዳብሱት» አለኝ። ዳበስኩት፣ ደረቅ ነው። ሌላውን አነሳ፣ እሱ ግን አላበ። «ይህንን ለርስዎ አልሸጥም፣ ለከተማ ለሚፈልግ ሰው ነው፤ ለሱም እነግረዋለሁ» አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው ሲጠይቀኝ የምልከው ወደዚህ ሰው ነው። ውሃ አፍሶ የሚያሳይህን ነጋዴ አትልቀቀው። ውሃ ልታፈስ ስትል የሚቆጣህን ተሰናብተኸው ውጣ።

በማርክም አትታለሉ። የታወቀ ስም የተጠለፈበት ጃኬት በየመንገዱ አለ፣ ጠላፊውም ማሽኑም ሞልቷል። ስሊፒንግ ባግ ላይ የሚጻፈውን የዲግሪ ቁጥርም ልንገራችሁ፣ ብዙ ልጅ የሚጎዳው በሱ ነው። ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአውሮፓ መመዘኛ የተለካ ከረጢት ላይ ከአንድ በላይ ቁጥር አለ። አንዱ ተመችቶህ የምትተኛበት ነው፤ ሌላው ተኮራምተህ የምትችልበት ጫፍ ነው፤ የመጨረሻውና ዝቅተኛው ሕይወትህ ብቻ የሚተርፍበት ነው። ሻጩ በጣቱ የሚያሳይህ ሦስተኛውን ነው፤ ብዙ ብርድ የሚችል ስለሚመስል። ሻጭ የሆንክ ወንድሜ፣ ጣትህን ወደ መጀመሪያው ቁጥር አምጣው።

ልባሽ ጨርቅ ወደ አገር ማስገባት በሕግ የተከለከለ መሆኑንም የሚነግድበት ሁሉ ያውቃል። የቦንዳውን ሆድ ሳያየው ገዝቶ፣ የከሰረውን በድሃው ላይ የሚያወርድ ደግሞ ሁለት ሸክም ነው የሚሸከመው።

ሁሉም ነገር ከውጭ መምጣት አለበት ያለን ማን ነው? የመንዝ ሰው በበግ ጸጉር ባና እየሠራ ስንት ክረምት ከርሟል። ሱፍ ቢረጥብም ሙቀቱን ጨርሶ አይለቅም። ከሰበታ አጠገብ አለም ገና ላይ፣ አይካ አዲስ ፋብሪካ ውስጥ የእኛ ልጆች የሰፉት ልብስ ጀርመን ሱቅ ገብቶ ተሸጧል። እጃችን ችሎታ አላነሰውም።

ገዢዎችም ከዚህ ነገር ነጻ አይደለንም። ለብሶት ተራራ ወጥቶ ሲያበቃ «አልለበስኩትም» ብሎ የሚመልስ አለ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበትን ዕቃ የገዛ ሰው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት እንዲጠይቅ መብት ይሰጠዋል፤ ያ መብት ለተበደለ ሰው ነው፣ ለሚዋሽ ሰው አይደለም። ደረሰኝ ጠይቁ፣ ያዙትም። ለቅን ገዢ ምሳሌ የሚሆነን ሶሓባው ጀሪር ኢብን ዐብዱላህ (ረ.ዐ.) ነው፤ አንድ ፈረስ በ300 ሲቀርብለት ለባለቤቱ «ፈረስህ ከዚህ ይበልጣል» እያለ ዋጋውን ከፍ ከፍ አድርጎ 800 እንዳደረሰው ተዘግቧል። ለሙስሊም ሁሉ ቅን ለመሆን ለነቢዩ ቃል ገብቶ ነበርና።

ይህን ብዬ ለራሴም ለእናንተም የአላህን ምሕረት እለምናለሁ።

(ኢማሙ ጥቂት ተቀምጦ ይነሳል።)

አልሐምዱሊላህ። ወንድሞቼ፣ ተራራ ስለሚወጡት ልጆች ብቻ ያወራሁ እንዳይመስላችሁ። በቡራዩና በዚህ በእኛ ከተማ በየግንባታው ስር የሚያድር ዘበኛ አለ። እሱ ተራራ ወጥቶ አይመለስም፣ ብርዱ በየሌሊቱ እሱ ዘንድ ይመጣል። ወፍራም ነው ተብሎ የተሸጠለት ብርድ ልብስ ከሁለት እጥበት በኋላ ወንፊት ሲሆንበት ምን ያደርጋል? ከሰል አቀጣጥሎ ወደ ቆርቆሮ ቤቱ ያስገባል፣ በሩንም ይዘጋል። ከከሰል የሚወጣው ጋዝ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይወስደዋል። በድንኳን ውስጥም እንዲሁ ነው። ያንን ብርድ ልብስ የሸጠ ሰው ከሰሉን ያቀጣጠለው እኔ አይደለሁም ሊል ይችላል። በሒሳብ ቀን ግን ሰንሰለቱ ከየት እንደሚጀምር አላህ ያውቀዋል። ከሰል ቤት ውስጥ አታሳድሩ። ይህን ዛሬ ማታ ለጎረቤታችሁ ዘበኛ ንገሩት፣ ክርስቲያንም ይሁን ሙስሊም።

ሱረቱል ጁሙዓ አዛን ሲሰማ ንግዱን እንድንተው፣ ሶላቱ ሲያበቃ ደግሞ በምድር ላይ ተበትነን የአላህን ችሮታ እንድንፈልግ ያዘናል። ከሶላት በኋላ ወደ ሱቃችሁ የምትመለሱ፣ መደርደሪያችሁ ላይ የምታውቁት እንከን ያለበት ዕቃ ካለ ከምሳ በፊት አውርዳችሁ ወረቀት ለጥፉበት። ትናንት የሸጣችሁለትን ሰው የምታውቁት ከሆነ ደውሉለት።

ዚፕ የተበላሸበት፣ ስፌት የለቀቀበት ጃኬት ያለው ቅዳሜ ከዐስር በኋላ ወደ መስጊዱ ግቢ ያምጣው። ልብስ ሰፊ ወንድማችን ማሽኑን ይዞ ይመጣል፣ ክሩን ጀመዓው ይገዛል። ለዘበኞች ባና የሚያዋጣ ደግሞ በር ላይ ይመዝገብ፤ የሚሰጠው ባና ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ፣ ቀዳዳው ታይቶ ይሁን።

አላህ ሆይ፣ ዛሬ ማታ ውጭ የሚያድረውን ሁሉ ጠብቀው። አሚን። ሶፋችሁን አስተካክሉ።