አሮጌ ቴሌቪዥን ሰደቃ ይሆናልን?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



በአርሲ ዞን በሂጦሳ ወረዳ፣ ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ኢተያ በስንዴዋ የታወቀች ከተማ ናት። በቅርቡ ለዘመድ ጥየቃ ወደዚያ ሄጄ ሳለሁ ከጁሙዓ ሰላት በኋላ በመስጊዱ ደጃፍ አንድ ጉዳይ ሲወራ ሰማሁ። የልጆቻቸው ትምህርት ቤት የመጻሕፍትና የወንበር እጥረት አለበት። ከወላጆቹ አንዱ፣ በየቤቱ ተበላሽቶ የተቀመጠው ቴፕ፣ ቴሌቪዥን፣ የሞባይል ቀፎና ቻርጀር በተማሪዎች ተሰብስቦ ቢሸጥ ገንዘብ ይገኛል የሚል ሐሳብ ያቀርባል። ብዙዎች ሐሳቡን ወደዱት። በዕድሜ የገፉ አንድ ሐጂም ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህ። እቤቴ ከሞተ የቆየ ትልቅ ቴሌቪዥን አለ። ለትምህርት ቤቱ ብሰጠው ሰደቃ ይሆንልኛል?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ኢንሻአላህ ይሆናል፣ ሐጂ» ብዬ ቸኩዬ መለስኩ። አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ ግን መልሴ ይከነክነኝ ጀመር። ፈትዋ መስጠት የዑለማዎቻችን እንጂ የእኔ ድርሻ አይደለም። ይሁንና ስለ ዕቃው ምንነት የማውቀውን ሳልነግራቸው መመለሴ ስህተት ስለሆነ፣ ያን ያጎደልኩትን ዛሬ በዚህ ዓምድ ልሞላው እወዳለሁ።

በመጀመሪያ ሐሳቡ የሚነቀፍ አይደለም። በአሜሪካና በአውሮፓ ብዙ ትምህርት ቤቶች አሮጌ ሞባይሎችንና የፕሪንተር ቀለም መያዣዎችን ሰብስበው ለሚያድሱ ድርጅቶች በማስረከብ ገንዘብ ያገኛሉ። ብክነትን አላህ (ሱ.ወ) አይወድም። በየቁም ሳጥኑ የተዘነጋው ዕቃ ዛሬም ጥቅም አለው። በሽቦው ውስጥ መዳብ፣ በሰሌዳው ላይ ደግሞ ጥቂት ወርቅና ብር ይገኛል። በአገራችንም ቆራሌው በየሰፈሩ እየዞረ፣ የልዋጭ ነጋዴው ፕላስቲክ ሳህንና ባልዲ እየለወጠ ይህንኑ ሲሠሩ ኖረዋል። የመርካቶዋ ምናለሽ ተራ ሌላው የጣለውን አንስታ ለዳግም አገልግሎት በማብቃት ብዙ ቤተሰብ አስተዳድራለች። ይህ የተከበረ የላብ እንጀራ ነው።

ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው? ችግሩ ዕቃው በሚፈታበት ጊዜ ነው። የሐጂ ዓይነቱ ጀርባው ሰፊ ቴሌቪዥን በመስታወቱ ውስጥ አንድ ኪሎና ከዚያም በላይ እርሳስ ሊይዝ ይችላል። መስታወቱ ሲሰበር ብናኙ ከአፈርና ከእጅ ጋር ይቀላቀላል። የመኪናና የሶላር ባትሪ እርሳስና አሲድ አለበት። የሞባይል ባትሪ ሲወጋ ወይም ሲቀጠቀጥ በእሳት ይነሳል። መዳቡን ለማግኘት ሽቦ ሲቃጠል ደግሞ ከፕላስቲኩ ዳዮክሲን የሚባለው ብርቱ መርዝ ይወጣል።

ይህ ሁሉ ከማንም በፊት የሚያገኘው ሕፃኑን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው ለሕፃን ጉዳት የለውም ተብሎ የሚታወቅ የእርሳስ መጠን የለም። የሕፃን ሰውነት ከአንድ ምንጭ የሚስበው እርሳስ አዋቂ ከሚስበው በአራትና በአምስት እጥፍ ይበልጣል። እርሳስ አእምሮን ያዳክማል፤ ትምህርት የመቀበል ችሎታንም ይቀንሳል። አንባቢ ሆይ፣ ልብ በል! ለትምህርት ቤት መጽሐፍ መግዣ ብለን የልጁን የማንበብ ችሎታ ብንወስድበት ምን ዓይነት ንግድ ነው?

የጋናን ምሳሌ እንመልከት። በአክራ ከተማ አግቦግብሎሺ በተባለው ስፍራ ወጣቶች ለዓመታት አሮጌ ኤሌክትሮኒክስ ሲሰባብሩና ሽቦ ሲያቃጥሉ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነ ጥናት በዚያ የሚለቅሙ ዶሮዎችን እንቁላል መርምሮ፣ ከእንቁላሉ አንዱን ብቻ የበላ አዋቂ ሰው የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን ካስቀመጠው የዳዮክሲን ወሰን በ220 እጥፍ እንደሚያልፍ አሳይቷል። በኢተያም ዶሮ በየደጁ ትለቅማለች። ከትምህርት ቤት አጥር ጀርባ የተቃጠለ ሽቦ እዚያው አመድ ሆኖ አይቀርም፤ ዞሮ ወደ ማዕዳችን ይመጣል።

ወንድሞችና እህቶች! ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከመንገድ ላይ አስቸጋሪን ነገር ማንሳት ከኢማን ክፍሎች አንዱ መሆኑን አስተምረውናል። ራስንም ሆነ ሌላውን መጉዳት በኢስላም ቦታ እንደሌለውም ነግረውናል። ከአንዱ መንገድ ያነሳነውን እሾህ ወስደን በሌላው መንገድ ላይ ብንጥለው አንስተነዋል ይባላልን? በቁርአንም በሱረቱል በቀራ፣ እኛ ራሳችን ዓይናችንን ካልጨፈንን በቀር የማንቀበለውን መጥፎውን ነገር መርጠን እንዳንለግስ ተነግሮናል። አሮጌው ዕቃችን የሚጠቅም ከሆነ እሰየው። ነገር ግን ከቤታችን እንዲወጣልን ብቻ የምንሻውን መርዝ የሰደቃ ስም ሰጥተን በልጆች ትከሻ ላይ ብናሸክመው ኒያችንን መመርመር ይገባናል።

ስለዚህ ሐሳቡ በሥራ ላይ ይዋል ከተባለ ሊጠበቁ የሚገባቸው ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ተማሪ ይሰብስብ እንጂ አይፍታ። ያልተሰበረ ቀፎና ቻርጀር ቆጥሮ መመዝገብ ለተማሪ መልካም ትምህርት ነው። መዶሻና ክብሪት ግን ከልጅ እጅ ይራቁ። ባትሪዎች፣ የባትሪ ድንጋይ የምንለውም ጭምር፣ ለብቻቸው በደረቅ ቦታ ይቀመጡ። ትልልቆቹን ቴሌቪዥኖች የሚያነሱትም አዋቂዎች ይሁኑ።

ሁለተኛ፣ ገዢው ማን እንደሆነ ይታወቅ። የእኛ ተማሪ እጁ ንጹህ ሆኖ ሳለ፣ ዕቃውን የገዛው ሰው ሌሊት የሌላውን ልጅ ሽቦ እንዲያቃጥል የሚያደርገው ከሆነ ከጥፋቱ ነፃ አንሆንም። ያም ልጅ የአላህ ባሪያ ነው፤ ያም ሳንባ አማና ነው። አገራችን አደገኛ ቆሻሻ ከአገር አገር የሚዘዋወርበትን ሁኔታ የሚቆጣጠረውን የባዝል ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2000 ተቀብላለች። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ የአደገኛ ቆሻሻ አዋጅ ቁጥር 1090 እና የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ደንብ ቁጥር 425 ወጥተዋል። በአዲስ አበባ አቃቂ ቃሊቲም ያገለገሉ ኮምፒውተሮችን የሚያድስና በሥርዓት የሚፈታ ማዕከል ተቋቁሞ ነበር። መንገዱ የማይታወቅ አይደለም ማለት ነው። የወላጆች ኮሚቴ አንድ ዕቃ ከመሰብሰቡ በፊት ወደ አካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ሄዶ ፈቃድ ያለው ተረካቢ ማን እንደሆነ ይጠይቅ። ተረካቢ ካልተገኘ ዕቃው ባይሰበሰብ ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ምስጢር ይጠበቅ። በአሮጌ ቀፎና በሚሞሪ ውስጥ የቤተሰብ ፎቶና መልእክት ይኖራል። የእህቶቻችን ምስል በማናውቀው እጅ እንዳይወድቅ ሲምና ሚሞሪው ወጥቶ፣ በቀፎው ያለውም ተሰርዞ ይሰጥ። የሚመጣው ዕቃ የማን እንደሆነም ይጠየቅ፤ የተሰረቀ ስልክ ለመጽሐፍ መግዣ ቢውልም ሐላል አይሆንም።

አራተኛ፣ ሚዛኑና ሒሳቡ ግልጽ ይሁን። በሚዛን የሚያጎድሉ ሰዎች ምን እንደሚጠብቃቸው ቁርአን አስጠንቅቋል። ስንት ኪሎ ወጣ፣ በስንት ብር ተሸጠ፣ ስንት መጽሐፍ ተገዛ የሚለው በወላጆች ፊት ይነበብ።

እዚህ ላይ አንድ መራራ እውነት አለ። ከዚህ ዕቃ ዋጋ የሚያወጣው ጥቂቱ፣ ማለትም መዳቡና ሰሌዳው ነው። የቴሌቪዥኑ መስታወት ግን በአግባቡ ለማስወገድ ገንዘብ ይጠይቃል። በዓለም ዙሪያ እ.ኤ.አ. በ2022 ከተጣለው 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ውስጥ በሥርዓት መሰብሰቡና ለዳግም ጥቅም መዋሉ የተመዘገበው 22.3 ከመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ሀብታሞቹ አገሮችም ጭምር ያልተወጡትን ነገር የኢተያ ተማሪዎች ያለ ወጪ ይወጡታል ብለን ማሰብ የለብንም።

ይህን ወጪ መሸፈን የማን ነው? የእኛ የከተሜዎቹ ነው። በየዓመቱ ቀፎ የምንቀይረው፣ ቴሌቪዥናችን ቀጭን ካልሆነ ብለን የምናማርረው፣ አሮጌውንም ወደ ገጠር ዘመድ «ይጠቅማቸዋል» ብለን የምንሰደው እኛ ነን። ስለዚህ ዕቃ የሚሰጥ ሰው የማጓጓዣውን ብር አብሮ ይስጥ። ስንዴ ጭኖ ወደ አዳማና ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ የአይሱዙ ባለቤት ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ ጥቂት ቦታ ለትምህርት ቤቱ ቢለቅ እርሱም ትልቅ ሰደቃ ነው። ለመጽሐፉ ግን ከቆሻሻው ሽያጭ በፊት ከኪሳችን እናዋጣ። የልጆቻችን ትምህርት እኛ የጣልነው ነገር ትርፍ እስኪያመጣ መጠበቅ የለበትም።

ለሐጂ የሰጠሁትን መልስ አሁን ላርመው። ሐጂ፣ ቴሌቪዥንዎን አይስበሩት፤ ልጆችም እንዳይሰብሩት ያስቀምጡት። ትክክለኛው ተረካቢ ሲገኝ ከማጓጓዣው ጋር ይስጡት። ያን ጊዜ ጎረቤትዎን ከጉዳት ያዳነ ሥራ ስለሚሆን፣ አላህ (ሱ.ወ) ከመልካም ሥራዎ ይቆጥርልዎ ዘንድ እለምናለሁ።

አላህ (ሱ.ወ) ሰጥተን የምንጠቅም እንጂ ሰጥተን የምንጎዳ አያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።