ሕጉ ዋሽንግተን፣ ጠረጴዛው ሚሲሲፒ

ጁን 9 ቀን 1944 ማታ በጆርጂያ ግዛት ፖሊሶች፣ የስልክ ኦፕሬተሮችና የራዲዮ ጣቢያዎች አንድ ሰው ሲያፈላልጉ አመሹ። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የሚፈለጉት ሰው ታመው አገራቸው የገቡ የተወካዮች ምክር ቤት አባል ናቸው፤ ጆን ጊብሰን ይባላሉ። ዋሽንግተን ላይ የሁለቱ ምክር ቤቶች ተደራዳሪዎች በአንድ ረቂቅ ሕግ ተፋጠዋል፤ የተወካዮች ምክር ቤቱ ወገን ድምፅ ሦስት ለሦስት ተከፍሏል። ጊብሰን ድምፃቸውን በውክልና ልከው ነበር፤ የሚሲሲፒው ጆን ራንኪን ግን ውክልናውን አልቀበልም አሉ። ሰውዬው በሌሊት ተገኙ። በመኪና እያበረሩ ፍሎሪዳ፣ ጃክሰንቪል አደረሷቸውና አውሮፕላን ላይ አሳፈሯቸው፤ ጠዋት ዋሽንግተን ገብተው ድምፃቸውን ሰጡ፣ ረቂቁም ተረፈ። ጁን 22 ቀን ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ፈረሙበት። ዛሬ ጂ አይ ቢል እየተባለ የሚጠራው ሕግ ይህ ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት 16 ሚሊዮን ገደማ አሜሪካውያን ዘምተዋል። ሕጉ ለተመላሹ የትምህርትና የሙያ ሥልጠና ወጪ፣ የቤት መግዣ ብድር ዋስትና፣ ሥራ እስኪያገኝ ድረስ በሳምንት 20 ዶላር እስከ 52 ሳምንት የሚዘልቅ አበል፣ በዚያም ላይ በየአካባቢው ባለ የሥራ ቢሮ ሥራ የሚያፈላልግለት ሰው ሰጠው። ስለ ዩኒቨርሲቲውና ስለ ቤቱ ብዙ ተብሏል፤ ደግሞም ይገባዋል። 7.8 ሚሊዮን ያህል ሰው ተምሮበታል ወይም ሙያ ሠልጥኖበታል፤ በ1947 ኮሌጅ ከገቡት ግማሽ ያህሉ የቀድሞ ወታደሮች ነበሩ። ስለ ሥራ ቢሮው ግን ብዙም አይወራም። እኔ ግን አንድ ሕግ ምን ያህል እንደሚያወጣ ለመመዘን ከዚያ ቢሮ ጠረጴዛ የተሻለ ቦታ የለም ባይ ነኝ። በተለይ ዛሬ ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ውስጥ ከአንድ የሥራ ማዕከል ወንበር ላይ ቁጥሩን ይዞ ተራውን ለሚጠብቅ ያገሬ ሰው ታሪኩ ሩቅ አይሆንበትም።

አሜሪካ ይህን ሕግ ያወጣችው ከቸርነት ብቻ አይደለም፤ ፈርታም ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሰው ወታደር ሲሰናበት የተሰጠው 60 ዶላርና የባቡር መሳፈሪያ ነበር። በ1918 ለጦር ፋብሪካዎች ሠራተኛ ሲያሰባስብ የነበረው የፌዴራል የሥራ አገልግሎትም፣ ወታደሩ ወደ ቤቱ መጉረፍ በጀመረበት በ1919 በጀቱ ተቆረጠና ተዳከመ። ሥራ ፈላጊው ሲበዛ ሥራ አፈላላጊው ጠፋ። በ1924 ለእነዚሁ ሰዎች የካሳ ገንዘብ ተፈቀደ፤ የሚከፈለው ግን በ1945 ነው ተባለ። የኢኮኖሚው ውድቀት ሲመጣ ማን ያን ያህል ይጠብቃል? በ1932 በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የቀድሞ ወታደሮችና ቤተሰቦቻቸው “ገንዘባችን አሁን ይሰጠን” ብለው ዋሽንግተን ገቡ፣ አናኮስቲያ ወንዝ ዳር ጭቃው ላይ ጎጆ ቀለሱ። ጁላይ 28 ቀን ጄኔራል ማክአርተር ፈረሰኛ፣ ታንክና አስለቃሽ ጭስ ይዘው መጡባቸው፤ ጎጆዎቹ ጋዩ። በ1943 መገባደጃ አሜሪካን ሌጅን የተባለው የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር ሰው የነበሩት ሃሪ ኮልመሪ በሜይፍላወር ሆቴል ወረቀት ላይ የጂ አይ ቢልን ረቂቅ ሲጽፉ ያ ጭስ ከብዙ ሰው ዓይን ገና አልጠፋም ነበር።

እዚህ ላይ ራንኪንን ትንሽ እናቆያቸው። የቀድሞ ወታደሮችን ጉዳይ የሚመለከተው ኮሚቴ ሊቀ መንበር ነበሩ፤ ለነጭ ወታደር ጥቅም መሟገት ልማዳቸው ነበር። የሳምንቱ 20 ዶላር ግን አላስተኛቸውም፤ ለጥቁሩ ወታደር ሥራ መፍታትን ያስተምረዋል ብለው በአደባባይ ተከራከሩ። እውነተኛው ሥጋት የሚገባን የደቡቡን የጥጥ እርሻ ስናስታውስ ነው፤ በሳምንት 20 ዶላር ማለት ከማሳው ላይ ከሚገኘው የሚበልጥ ነበርና። በምክር ቤቱ የነበሩ የደቡብ ሰዎች አበሉን ማስቀረት ቢያቅታቸውም ሌላ ነገር ግን አገኙ፤ ሕጉ በየአካባቢው ባለ ባለሥልጣን እጅ እንዲሠራ ሆነ። በሕጉ ጽሑፍ ውስጥ ጥቁር ወይም ነጭ የሚል ቃል የለም። ማስፈለጉም ቀርቷል።

የሥራ ቢሮዎቹ በ1933ቱ የዋግነር ፔይዘር ሕግ ፌዴራሉና ግዛቶች ገንዘብ እያዋጡ፣ ግዛቶች የሚያስተዳድሯቸው ነበሩ፤ በጦርነቱ ጊዜ ፌዴራሉ ጠቅልሎ ያዛቸው፣ በኖቬምበር 1946 ለግዛቶች መለሰ። ጂ አይ ቢል በየግዛቱ አንድ የቀድሞ ወታደሮች የሥራ ተወካይ እንዲኖር ያዛል። ተወካዩ ራሱ የቀድሞ ወታደርና ቢያንስ ለሁለት ዓመት የዚያው ግዛት ነዋሪ የሆነ ሰው መሆን አለበት። ሲሰሙት መልካም ነው፤ አገሬውን የሚያውቅ፣ ቀጣሪዎቹን በስም የሚጠራ ሰው ይሻላል። ነገር ግን አገሬውን የሚያውቅ ሰው ማን የት እንዲቀመጥ እንደተፈቀደለትም ያውቃል።

ወታደሩ ሲሰናበት በእጁ አንድ ወረቀት ይሰጠው ነበር። በሠራዊቱ ውስጥ ምን እንደሠራ፣ ምን እንደተማረ፣ ይህም በሲቪል ዓለም ከየትኛው ሙያ ጋር እንደሚቀራረብ የሚዘረዝር ወረቀት ነው። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ጥቁር አሜሪካውያን ዘምተዋል፤ በ1944 ክረምትና መኸር ከኖርማንዲ ወደ ፊት እየገፋ ለሚሄደው ጦር ነዳጅና ጥይት ያመላለሰው ሬድ ቦል ኤክስፕረስ የሚባለው የጭነት መኪና ሰልፍ ሾፌሮቹ በአብዛኛው ጥቁሮች ነበሩ። መካኒክ፣ ብየዳ ሠሪ፣ ራዲዮ ጠጋኝ፣ ጸሐፊ ሆኖ የተመለሰው ብዙ ነው። ወረቀቱን ይዞ አገሩ ሥራ ቢሮ ሲቀርብ የሆነውን ቁጥሩ ይናገር። እስከ ኦክቶበር 1946 ድረስ በሚሲሲፒ 6,583 የቀድሞ ወታደሮች በሥራ ቢሮው በኩል ከእርሻ ውጪ ሥራ ይዘዋል። ሙያና ከፊል ሙያ ከሚጠይቁት ሥራዎች 86 በመቶው ለነጮች ተሰጠ፤ ከጉልበት ሥራዎች 92 በመቶው ለጥቁሮች። በዚያን ጊዜ ከግዛቲቱ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ጥቁር ነበር። (የቤት፣ የንግድና የእርሻ ብድሩ ደግሞ ይብሳል፤ በ1947 በ13 የሚሲሲፒ ከተሞች ዋስትና ካገኙት 3,229 ብድሮች ለጥቁሮች የደረሱት ሁለት ናቸው።)

ወጥመዱ “ተስማሚ ሥራ” በሚለው ሐረግ ውስጥ ነበር። አበሉን የሚወስድ ሰው ቢሮው ያቀረበለትን ተስማሚ ሥራ ያለ በቂ ምክንያት እምቢ ካለ አበሉ ይታገድበታል፤ ይህ በራሱ ክፋት የለውም፣ ዛሬም በየቦታው ያለ ደንብ ነው። ሥራው ተስማሚ ነው አይደለም የሚለው ግን የሚመዘነው በየግዛቱ የሥራ አጥ አበል ሕግ ሲሆን፣ ሚዛኑን የሚይዘው ደግሞ እዚያው ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠው ሠራተኛ ነው። ስለዚህ በፈረንሳይ መንገድ ላይ ከባድ መኪና ሲነዳ የከረመ ሰው ሳህን አጣቢነት ይቀርብለታል። እሺ ካለ ሙያው ተቀበረ፤ እምቢ ካለ “ሥራ አልፈልግም ብሏል” ተብሎ ሃያ ዶላሩ ቀረ። በሁለቱም መንገድ የቢሮው መዝገብ ንጹሕ ነው። ሕግ አልተጣሰም፤ ባለጉዳዩ ተስተናግዷል።

እኔን ከሁሉ የሚያስገርመኝ ለዚህ ክፉ ሰው እንኳ አለማስፈለጉ ነው። ሠራተኛው የዕለት ሥራውን እያከናወነ ነው፤ የከተማው ቀጣሪዎች ጥቁር መካኒክ እንደማይወስዱ ያውቃል፣ ያንን ቀጠሮ ማስያዝ ለእሱ ጊዜ ማባከን ነው። የሚፈልጉትን ይልክላቸዋል፣ የወሩ ሪፖርቱም ይሞላል። ቢሮ የሚመዘነው ስንት ሰው ሥራ አስያዝክ ተብሎ እስከሆነ ድረስ፣ በምን ሥራ የሚለው ጥያቄ ማንንም አያስጨንቅም።

በሌላ በር የገቡም አሉ። ከኖርማንዲ የተመለሱት ሜድጋር ኤቨርስ በ1946 በትውልድ ከተማቸው ዲኬተር ድምፅ ሊሰጡ ሄደው ተከልክለው ተመለሱ፤ በ1948 ግን በጂ አይ ቢል አልኮርን ኮሌጅ ገቡ፣ ኋላም በሚሲሲፒ የመብት ትግሉ ግንባር ቀደም ሰው ሆኑ። የኮሌጁን ክፍያ የሚወስነው የአገሬው የሥራ ቢሮ አልነበረም። ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም፤ ምንም እንኳ ለጥቁሮች ክፍት የነበሩት የደቡብ ኮሌጆች ቦታ አጥሯቸው ብዙ ተመላሽ ቢያሰናብቱም።

የዛሬዎቹ የአሜሪካ የሥራ ማዕከላት የእነዚያ ቢሮዎች የልጅ ልጆች ናቸው። በ1998 በወጣ ሕግ የተበታተነው አገልግሎት በአንድ ጣሪያ ሥር ተሰበሰበ፤ በ2014 ሕጉ ተሻሻለ። በመላ አገሪቱ 2,300 ገደማ ማዕከላት አሉ፤ አገልግሎታቸው በነፃ ነው። ረዙሜ ያስተካክላሉ፣ ለቃለ መጠይቅ ያለማምዳሉ፣ መሥፈርቱን ላሟላ የሥልጠና ክፍያ ይሸፍናሉ። የ2014ቱ ሕግ ለወጣቶች ከሚመደበው ገንዘብ ቢያንስ 75 በመቶው ከትምህርት ገበታ ውጪ ላሉ ከ16 እስከ 24 ዓመት ለሆናቸው እንዲውል ያዛል። በ2002 በወጣው ሕግ ደግሞ ቬተራኖች (የቀድሞ ወታደሮች) እና አንዳንድ የትዳር ጓደኞቻቸው በእነዚህ ፕሮግራሞች ቅድሚያ አላቸው፤ በተለይ ጉዳት የደረሰባቸውን የሚያግዝ ባለሙያም ይመደባል። የጥንቱ ነገር ግን ሙሉ በሙሉ አልሄደም። የሥልጠናው ገንዘብ ጣሪያ ስንት ይሁን፣ የትኛው ሙያ በአካባቢው ይፈለጋል የሚለውን የሚወስነው አሁንም በአብዛኛው የየአካባቢው ቦርድ ነው፤ ከቦርዱም አብላጫው የንግድ ድርጅቶች ሰው ነው።

የእኛ ሰው በዚህ ውስጥ አለበት። በ2009 ሥራ የጀመረው፣ ቋሚ መኖሪያ ሳይኖራቸው ቋንቋ የሚያውቁ ስደተኞችን ወደ ሠራዊቱ ያስገባ የነበረው ማቭኒ የተባለው ፕሮግራም ከሚፈልጋቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነበር። በዚያም በሌላም መንገድ የአሜሪካን ዩኒፎርም የለበሱ ኢትዮጵያውያን ዛሬ ቬተራን ናቸው፤ ዲዲ 214 የተባለውን የስንብት ወረቀታቸውን ግን መሳቢያ ውስጥ ትተው እንደ ማንኛውም ሰው ሰልፍ የሚይዙ አይጠፉም። ቅድሚያው የሚሰጠው ቬተራን መሆኑን ላሳወቀ ነው፤ የጠረጴዛው ሰው ፊት አይቶ አይገምትም። የዋሽንግተን ዲሲ ነዋሪ ልጆች ደግሞ ከ14 እስከ 24 ዓመት ድረስ፣ ከ1979 ጀምሮ ባለው በማሪዮን ባሪ ስም በሚጠራው የበጋ ሥራ ፕሮግራም ደመወዝ እያገኙ መሥራት ይችላሉ፤ ማመልከቻው የሚከፈተው በረዶው ሳይቀልጥ ነውና ትምህርት ሲዘጋ የሚያስታውስ ወላጅ ይረፍድበታል።

አሁን ደግሞ ወደ ተስማሚው ሥራ። አዲስ አበባ ላይ መሐንዲስ፣ ሒሳብ ሠራተኛ ወይም አስተማሪ የነበረ ሰው ማዕከሉ ሲገባ ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር ይቀርብለታል፤ ወንድ ከሆነ ሲዲኤል (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ)፣ ሴት ከሆነች የነርስ ረዳትነት። ሁለቱም የተከበረ እንጀራ ናቸው፤ በእነሱ ቤት የገዛ፣ ልጅ ያስተማረ ወገን ስንት አለ! ጥያቄው ሌላ ነው። ይህ ምርጫ የመጣው የሰውየውን ወረቀት ከማየት ነው ወይስ ስሙንና አነጋገሩን ከመስማት? መልሱን ለማወቅ አማካሪውን መጠርጠር አያስፈልግም፤ የትምህርት ማስረጃን አስተርጉሞና አስመዝኖ መሄድ፣ ረዙሜ ላይ ያገር ቤቱን ሥራ በቁጥር መጻፍ (ስንት ሰው ያስተዳድር ነበር፣ ምን ገነባ)፣ የተፈቀዱ ሥልጠና ሰጪዎችን ዝርዝር ራሱ ማየትና “በሙያዬ ውስጥ ያለውን አሳየኝ” ማለት ይበቃል። ለጊዜው የሚሆን ሥራ ይዞ በጎን የሙያ ላይሰንሱን የሚያስጨርስ ዕቅድ በፋይሉ ላይ እንዲጻፍለትም ይጠይቅ። ያልተጻፈ ነገር ቀጣዩ አማካሪ ሲመጣ አይታወቅም።

አስተርጓሚ በነፃ መቅረብ አለበት። በዲሲ የ2004ቱ የቋንቋ አገልግሎት ሕግ ከሚያገለግላቸው ቋንቋዎች አማርኛ አንዱ ነው፤ በሌሎቹ ግዛቶችም የፌዴራል ገንዘብ የሚወስድ ማዕከል ባለጉዳዩን “ልጅህን ይዘህ ና” ብሎ መመለስ የለበትም። ከ18 እስከ 25 ዓመት ባለው ጊዜ አሜሪካ ውስጥ የነበረ ወንድ ለሥልጠናው ገንዘብ ሲሌክቲቭ ሰርቪስ በተባለው የውትድርና መዝገብ መመዝገቡን ይጠየቃል፤ 26 ከሞላው በኋላ የገባ ደግሞ የገባበትን ቀን የሚያሳይ ወረቀት ይያዝ፤ በዚህች ብቻ ወራት የሚያልፍበት ሰው አለ።

በዘሩ፣ በትውልድ አገሩ ወይም በቋንቋው ምክንያት ተገፍቻለሁ የሚል ደግሞ በ180 ቀን ውስጥ ቅሬታ ማስገባት ይችላል። እያንዳንዱን ማዕከል የሚመለከት የእኩል ዕድል ኃላፊ አለ፤ የኃላፊው ስምና አድራሻ ግድግዳ ላይ መለጠፍ አለበት። የአገሬው ሰው የአገሬውን ሰው አይከስም ብሎ የሚሠጋም ካለ አቤቱታውን በቀጥታ ዋሽንግተን ለሠራተኛ ሚኒስቴሩ የሲቪል መብቶች ማዕከል መላክ ይፈቀድለታል። በ1946 ሚሲሲፒ ላይ ሳህን እጠብ የተባለው ሾፌር ይህ አልነበረውም።