ስለ ጥቃቅን በደል ሒሳብ

አንባቢ ሆይ፤ ብዙ ሰዎች ስለ ግብረ ገብነት የተነገረ እንደ ሆነ ነፍስ መግደልን፥ መስረቅን፥ በሐሰት መማልን ብቻ ያስባሉ። እነዚህ ግን ለብዙዎቻችን በዕድሜያችን አንድ ጊዜ እንኳ አያጋጥሙንም። በየቀኑ የሚያገኘን በደል ዳኛ የማይቀመጥለት፥ ካሣ የማይቈረጥለት ትንሽ ነገር ነው፤ ይኸውም ተራችንን የቀማን ሰው፥ ሰላምታ የነፈገን ጎረቤት፥ መጣሁ ብሎ የቀረብን ወዳጅ ነው። እንዲህ ያለው ነገር ሊመረመር ይገባዋልን? ወይስ አስተዋይ ሰው ንቆ ሊያልፈው ይሻላል?

ይህን ጥያቄ በዋዛ መልክ ያነሣ አንድ የአሜሪካ የቴሌቪዥን ጨዋታ አለ፤ ስሙም ሳይንፌልድ ይባላል። ጄሪ ሳይንፌልድ የተባለው ቀልደኛና ላሪ ዴቪድ የተባለው ደራሲ ፈጥረውት፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1989 እስከ 1998 ዓ.ም. በኤን ቢ ሲ ጣቢያ ታይቶአል። በውስጡ ጀግና የለም፤ ጦርነትም የለም፤ በኒው ዮርክ የሚኖሩ አራት ወዳጆች በጥቃቅን ነገር ሲቈጡና ሲከራከሩ ይታያሉ እንጂ።

ሜይ 23 ቀን 1991 ዓ.ም. የታየው ክፍል «የቻይና ምግብ ቤት» ይባላል። ጄሪ፥ ጆርጅና ኢሌን ወደ ሲኒማ ከመሄዳቸው አስቀድሞ ራት ለመብላት ወደ አንድ ምግብ ቤት ይገባሉ፤ እንግዳ ተቀባዩም ከአምስት እስከ ዐሥር ደቂቃ እንዲጠብቁ ይነግራቸዋል። ከዚያ በኋላ ክፍሉ እስኪፈጸም ድረስ ያለው ነገር መጠበቅ ብቻ ነው፤ ተመልካቹም ከእነርሱ ጋራ በዚያው በር አጠገብ ቆሞ የሚጠብቅ ይመስላል። የጣቢያው ሹማምንት ታሪክ የሌለው ነገር ነው ብለው ስላልወደዱት ላሪ ዴቪድ ሥራዬን እለቃለሁ እስከ ማለት ደርሶ ነበር ይባላል።

ሦስቱ ቆመው ሳሉ ከኋላቸው የመጣ አንድ የቤቱ ደንበኛ ወዲያው ገብቶ ይቀመጣል። በዚህ ቢቈጡ እኔም እፈርድላቸዋለሁ። መካሪዎች በእንዲህ ያለ ጊዜ ትንሽ ነገር ነውና ተወው ይሉናል፤ ምክሩም ለሰላም ይጠቅም ይሆናል፤ ነገር ግን እውነቱን ይሸፍናል። ተራው የተወሰደበት ሰው ያጣው ዐሥር ደቂቃ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልተቈጣም ነበር፤ ዝናም ቢያዘገየው ያንኑ ዐሥር ደቂቃ ከአንድ ጥግ ተጠልሎ በትዕግሥት ያሳልፈው ነበርና። ያስቈጣው ከሌላው ሰው እኩል አለመቈጠሩ ነው፤ ይህም በደል በደቂቃ አይለካም።

ነገር ግን ታሪኩ እነርሱን ንጹሓን አድርጎ አይተዋቸውም። ተራ ተጣሰብን ብለው ያጕረመረሙት እነዚያው ሰዎች ለእንግዳ ተቀባዩ መማለጃ ሰጥተው የሌላውን ተራ ሊገዙ ይማከራሉ። ገንዘቡም ተሰጠ፤ የተጠራው ግን የሌላ ሰው ስም ሆነ። ጆርጅም በበኩሉ ለአንዲት ሴት ሊደውል ቸኵሎአል፤ በዚያ ዘመን የኪስ ስልክ በሰው ሁሉ እጅ አልገባም ነበርና በቤቱ ያለውን የሕዝብ ስልክ ሌላ ሰው ይዞበታል። በዚህ ተናድዶ፥ እኛ በማኅበር የምንኖር ሰዎች ስለ ሆንን እርስ በርሳችን ልንተሳሰብ ይገባናል የሚል ነገር ይናገራል። ነገሩ ከመምህር አፍ ቢወጣ ኖሮ ተጽፎ በተቀመጠ ነበር። ዳሩ ግን ይህ ትምህርት ትዝ ያለው ስልኩ በሌላ ሰው እጅ ሳለ ነው።

ከሁሉ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ በጨረፍታ የሚነሣ አንድ ነገር ነው። ጄሪ በዚያ ምሽት ራት ሊበላ የሚገባው ከአጎቱ ጋራ ነበረ፤ ታምሜአለሁ ብሎ ዋሽቶ ቀረ። በምግብ ቤቱ ውስጥም በአጎቱ መሥሪያ ቤት የምትሠራ ሴት አየችው፤ ውሸቱ ይገለጣል ብሎም ተጨነቀ። ይህ ለሣቅ የገባ ነው፤ እኛም እንሥቃለን። ሣቁ ካለፈ በኋላ ግን ያን አጎት ማሰብ ይመጣል። እርሱ በጨዋታው ውስጥ መልኩ አይታይም፤ ድምፁም አይሰማም። ሌሎቹ በረኀብና በንዴት ሲንቈራጠጡ እናያቸዋለን፤ እርሱ ግን የእኅቱን ወይም የወንድሙን ልጅ ታምሞአል ብሎ አዝኖ በቤቱ ተቀምጦ ይሆናል። ጄሪን ያስጨነቀውም አጎቱን መበደሉ ሳይሆን መታየቱ ነው። በመጨረሻ ሦስቱም ተስፋ ቈርጠው ወጡ፤ እንደ ወጡም እንግዳ ተቀባዩ «ሳይንፌልድ፥ አራት» ብሎ ተጣራ።

እኔ ራሴ አንድ ቀን በአንድ መሥሪያ ቤት በር ተራዬን ስጠብቅ፥ ዘበኛውን እያወቁ የሚያልፉትን ሰዎች አንድ ሁለት እያልሁ ስቈጥር አረፈድሁ። ስድስት ነበሩ፤ እስከ ዛሬ አልረሳኋቸውም። ወደ ቤቴ ስመለስ በጠረጴዛዬ ላይ የአንድ የታመመ ወዳጄ ደብዳቤ አገኘሁ፤ መልስ ሳልሰጠው ሁለት ወር ሆኖት ነበር። ይህን ያህል ጊዜ ማለፉን ያወቅሁት ቀኑን አንብቤ ነው እንጂ በልቤ ቈጥሬ አልነበረም።

የዚህ ጨዋታ ደራሲዎች ይህን ነገር ያስተዋሉት ይመስለኛል፤ የመጨረሻውን ክፍል የሠሩት በዚሁ ሐሳብ ነውና። ሜይ 14 ቀን 1998 ዓ.ም. በታየው በዚያ ክፍል፥ በአሜሪካ ብቻ ወደ 76 ሚሊዮን የሚሆን ሰው ባየው፥ አራቱ ወዳጆች በማሳቹሴትስ ግዛት በአንዲት ልብ ወለድ ከተማ ሳሉ አንድ ወፍራም ሰው በመሣሪያ ሲዘረፍ ያያሉ። በመርዳት ፈንታ በውፍረቱ ይሣለቁበታል፤ አንዱም በካሜራ ይቀርጸዋል። በዚያች ከተማ የተቸገረን ሰው መርዳት ግዴታ የሚያደርግ፥ በደጉ ሳምራዊ ስም የተጠራ ሕግ አለና ተይዘው ለፍርድ ይቀርባሉ። (በእውነተኛው ዓለም በዚህ ስም የሚጠሩት የአሜሪካ ሕጎች አብዛኞቹ የሚረዳውን ሰው ከክስ የሚጠብቁ ናቸው፤ በአደጋ ላይ የወደቀን መርዳት ግዴታ ካደረጉት ጥቂት ግዛቶች አንዷ ቬርሞንት ናት፤ ይህንም በሕግ ደነገገች፤ ቅጣቱም ከ100 ዶላር አይበልጥም።)

በችሎቱም ላይ በዘጠኙ ዓመት ውስጥ ያስቀየሟቸው ሰዎች ከየስፍራው እየመጡ ምስክርነት ይሰጣሉ። እስከዚያ ቀን እኛ ነገሩን ሁሉ ያየነው በአራቱ ዐይን ነበረ፤ ሌላው ሰው ሁሉ የሚያስቸግራቸው መስሎ ይታየን ነበር። አሁን ግን ያ ሁሉ ከማዶው ወገን ተነገረ። ዳኛው የአንድ ዓመት እስራት ፈረደባቸው። ብዙ ተመልካቾች ይህን ፍጻሜ አልወደዱትም፤ ቀልዱ መረረ፥ ፍርዱም ከበደ አሉ። እኔ ደግሞ እስራቱ ቢበዛም ምስክሮቹ መሰማታቸው ተገቢ ነበረ እላለሁ፤ እንዲያውም ከእነርሱ መካከል ያ የምግብ ቤቱን ምሽት የሚያነሣ አንድ ድምፅ በተጨመረ ብዬ ተመኝቻለሁ።

ከፍርዱ በኋላ አራቱ በእስር ክፍል ተቀምጠው ይታያሉ። ጄሪም ወደ ጆርጅ ሸሚዝ ተመልክቶ ስለ ሁለተኛው ቍልፍ ከቦታው መራቅና መቅረብ ይናገር ጀመረ፤ ይህም በ1989 ዓ.ም. በመጀመሪያው ክፍል መክፈቻ ላይ የተናገረው ያው ነገር ነበረ።