ቀኑን የሚቆጥረው ማን ነው?



ባለፈው ሰሞን ከመግሪብ በኋላ ደርስ ጨርሰን ስንነሳ ከሴቶቹ በኩል አንዲት ብጣሽ ወረቀት ደረሰችኝ። የጻፈችው እህት ነርስ ናት፤ በግል ክሊኒክ ትሠራለች። «ኡስታዝ፣ የሙያ ፈቃዴ ጊዜው ካለፈ አራት ወሩ ነው። ሥራዬን ግን እንደ ድሮው እየሠራሁ ነው። ደሞዜ ሐራም ነው?» ትላለች።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ አፌ ላይ የመጣው «ሄደሽ አሳድሺዋ» የሚል ነበር። ሳነጋግራት ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አልሆነም። ፈቃዱን ለማሳደስ የሲፒዲ ሥልጠና ነጥብ ማሟላት አለባት፤ ሥልጠናው ገንዘብም ቀንም ይፈልጋል። የክሊኒኩ ባለቤት «ተቆጣጣሪ ሲመጣ እናየዋለን» ብሏታል። የራሷን የጤና ምርመራ መቼ እንዳደረገች አታስታውስም። የሄፓታይተስ ቢ ክትባትም አንዱን ወስዳ ሁለቱን ረስታዋለች። ከዚያ አንድ ነገር አለችኝ፦ «ፈቃዴ ያበቃ ዕለት ማታ እጄ ሙያውን አልረሳም። ትናንት ደም ሥር አገኝ ነበር፣ ዛሬም አገኛለሁ። ታዲያ በሽተኛውን ምን በደልኩት?»

ይህ ጥያቄ የሰነፍ ጥያቄ አይደለም። ሌሊቱን ሳሰላስለው አደርኩ። መልሱን ያገኘሁት ደግሞ ልጆች ሆነን መድረሳ ከተማርነው የጦሃራ ምዕራፍ ነው።

ኹፍ ላይ ማበስን አስቡ። ብዙኃኑ ዑለማ ዘንድ ለነዋሪ አንድ ቀን ከነሌሊቱ፣ ለመንገደኛ ሦስት ቀን ከነሌሊታቸው ነው። ጊዜው ባበቃባት ደቂቃ እግርህ አልቆሸሸም። ኹፉ ውስጥ የተለወጠ ነገር የለም። ቢሆንም ከዚያ በኋላ ማበስ የለም፤ አውልቀህ ትታጠባለህ። «እግሬ ንጹሕ ነው» ብሎ የሚከራከር አላየሁም፤ ፈቃዱ የተሰጠው ከነገደቡ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለንና። ልብ በሉ፤ መስጊድ በር ላይ ቆሞ «ያንተ ሰዓት አልፏል» የሚል ዘበኛ የለም። የምትቆጥረው አንተ ነህ። የዘካ ሐውልም እንዲሁ ነው፤ ገንዘብህ ላይ ዓመት መዙሩን ከአንተ በቀር የሚያውቅ የለም።

የነርሷ ነገር ግን ከኹፉ ይከብዳል፤ ሦስተኛ ሰው አለበት። አልጋ ላይ ክንዱን ዘርግቶ የተኛ ሰው አንቺን መፈተን አይችልም። ምን ያህል እንደተማርሽ፣ በቅርቡ ምን እንዳነበብሽ፣ ጤናሽ እንዴት እንደሆነ አይጠይቅሽም። አሞታል፣ ፈርቷል። የሚያምነው ነጩን ጋውን ነው። ጋውኑ «ይህችን ሰው የሚመለከተው አካል መርምሮ አሳልፏታል፣ እስከዛሬም ይመሰክርላታል» ብሎ ይናገራል። ምስክርነቱ ካበቃ በኋላ ለብሰሽው ስትቆሚ፣ እጅሽ እውነተኛ ቢሆንም ጋውንሽ ያልሆነውን እየተናገረ ነው። ያውም እጅሽ እውነተኛ መሆኑን የምትመሰክሪው አንቺው ነሽ። የመድኃኒት መጠንና የሕክምና መመሪያ ይቀየራል፤ ያልሰማ ሰው ደግሞ አለመስማቱን አያውቅም።

«ይህ ሁሉ የፈረንጅ ወረቀት ነው» የሚል ወንድም አይጠፋም። ኢብኑ አቢ ኡሰይቢዓ በሐኪሞች ታሪክ መጽሐፉ እንደዘገበው፣ በ319 ሂጅራ (931 እ.ኤ.አ.) ባግዳድ ውስጥ አንድ ታካሚ በሐኪም ስህተት ሞተ። ኸሊፋው አል-ሙቅተዲር፣ በሲናን ኢብኑ ሣቢት ያልተፈተነ ማንም እንዳያክም አዘዘ። የተፈተኑት ከ800 በላይ ነበሩ ይባላል። ከዚያም በፊት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በሕክምና ሳይታወቅ ያከመ ሰው ለሚደርሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን ተናግረዋል፤ አቡ ዳውድ ዘግበውታል።

ወደ ሰውነት ጉዳይ ልምጣ። እዚህ ላይ «እጄ አልረሳም» የሚለው ክርክር ጨርሶ አይሠራም። ሄፓታይተስ ቢ አንዳች ስሜት ሳይሰጥ ለዓመታት ደም ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል። የሳንባ ነቀርሳም ተደብቆ ቆይቶ በኋላ የሚነሳበት ጊዜ አለ። ስለዚህ «ጤነኛ ነኝ» የሚለው ስሜት ነው፣ እውቀት አይደለም። አንድ ተማሪዬ «እርግጠኛ ነገር በጥርጣሬ አይወገድም» የሚለውን የፊቅህ መርሕ አመጣብኝ። ጎበዝ ነው፣ ማሻአላህ። መርሑ ግን ዉዱእህን ከወስዋስ የሚጠብቅልህ ነው፤ በሌላ ሰው ሳንባ ላይ እንድትወራረድ የተሰጠህ አይደለም። የታመሙ እንስሳትን ከጤነኞቹ ጋር መቀላቀልን የከለከለውን ሐዲስ እዩት። ትእዛዙ የተነገረው ለማን ነው? ጤነኞቹ ላሉት ሰው አይደለም፤ የታመሙት ላሉት ነው። በሽተኛው አልጋው ላይ ነው፤ ወደ እሱ የምትሄጂው አንቺ ነሽ።

የሄፓታይተስ ክትባቱ ሦስት ጊዜ ነው፦ ዛሬ፣ ከአንድ ወር በኋላ፣ ከመጀመሪያው በስድስተኛው ወር። አቋርጣችሁ ያፈራችሁ ካላችሁ ከቆማችሁበት ትቀጥላላችሁ እንጂ ከሀ አትጀምሩም።

ቀኑን ማን ይያዝ? ብዙዎቻችሁ «የሰው ኃይል ክፍሉ ያስታውሰኛል» ትላላችሁ። ሳዑዲ ያላችሁ «ሙማሪስ ፕላስ»ን፣ አሜሪካ ያላችሁ ኢሜይልን ትጠብቃላችሁ። መልእክቱ ድሮ ወደተውሽው አድራሻ ቢሄድስ? በሚኒሶታና በቨርጂኒያ የነርስ ፈቃድ በየሁለት ዓመቱ በተወለዳችሁበት ወር መጨረሻ ነው የሚያበቃው። (ልደት ማክበር ላይ የምንከራከረውን እንከራከር፤ ወሩን ግን አትርሱት።) ከቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ፣ አል-በቀራህ 282፣ ስለ ምን እንደሚያወራ ታውቃላችሁ። ቀጠሮ ስላለው ዕዳ፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ ከነጊዜው ስለመጻፍ ነው። መጀመሪያ የሰሙት ሶሓቦች ናቸው፤ እነሱ እንኳ «አስታውሰዋለሁ፣ ታማኝ ነኝ» ብለው እንዲተዉት አልተባሉም። ፈቃድ፣ ምርመራ፣ ክትባት፣ በየሁለት ዓመቱ የሚታደስ የቢኤልኤስ ካርድ፣ ሁሉም ለማታውቁት ሰው ያለባችሁ ቀጠሮ ያለው ዕዳ ነው።

ባለቤቱ ጥፋት የለበትም እያልኩ አይደለም። ሠራተኛውን ለሥልጠና ቀን የሚነፍግና ተቆጣጣሪ ሲመጣ ብቻ አላህን የሚያስታውስ አሠሪ የራሱ ሒሳብ አለበት። የእሱ ሒሳብ ግን የእሷን አይዘጋም።

ስለ ደሞዙስ? ሙፍቲ አይደለሁም። ለሠራችው ሥራ የተከፈላትን ሐራም ነው ብዬ ከአፌ አላወጣም፤ ፈትዋ ወደሚሰጡት መራኋት። ያሳሰበኝ ሌላ ነው። አራት ወር ሙሉ ሲያስጨንቃት የኖረው የራሷ ደሞዝ እንጂ በሽተኛው አልነበረም። ይህ ደግሞ በከፊል የእኛ የአስተማሪዎቹ ጥፋት ነው፤ ስለሚገባብን ገንዘብ እንጂ ስለምንይዘው ሰው ሐቅ መጠየቅን አላለማመድናችሁም።

እህታችን ለባለቤቱ ነገረችው። አልወደደውም። ፈቃዷ እስኪታደስ መርፌና መድኃኒት ባልደረባዋ ትሰጣለች፣ እሷ ካርድ ክፍል ተቀምጣለች። ደሞዟ ተቀንሷል፤ እንደከፋትም አልደበቀችኝም። ባለፈው ማክሰኞ ግን ሁለተኛውን ክትባት ወሰደች። የሦስተኛውን ቀን እናቷ የሰላት ሰዓት ሠንጠረዥ የለጠፉበት ግድግዳ ላይ፣ ከሠንጠረዡ ሥር፣ በእስክሪብቶ ጽፋዋለች።

ጁሙዓ ሙባረክ።